ጨዋ ስልክ

የልጄ የጃለታ የፈተና ቀን የተነገረው በሁለት ሺህ ዘጠኝ መስከረም ማለቂያ፣ ፋብሪካዎቹ በተቃጠሉበት ሰሞን ነው። ቡራዩ አንድ የቴክኒክ ኮሌጅ ገብቶ ኤሌክትሪክ ተምሯል። የቀረው ሲኦሲ የሚሉት የብቃት ምዘና ብቻ ነበር። ምዘናውን ያላለፈ ወረቀት አያገኝም፤ ወረቀት ለሌለው ሰው ደግሞ ማንም ቤቱን ከፍቶ ገመድ ዘርጋልኝ አይለውም። ቀኑ ያመለጠው እስከሚቀጥለው ዓመት እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል።

የምንኖረው ሰበታ ነው። በደህናው ጊዜ ከሰበታ ቡራዩ ታክሲ ሁለት ጊዜ ቀይሮ መድረስ ነው። በዚያ ሰሞን ግን መንገዱ የማን እንደሆነ ጠዋት ወጥተው ካላዩት አይታወቅም። የዙሪያውን መሬት ለአዲስ አበባ ይሰጣል የተባለው ማስተር ፕላን ቀርቷል ከተባለ ወራት አልፈውታል፤ መንገድ የሚዘጉትም መንገድ የሚያስከፍቱትም ግን የቀረ አልመሰላቸውም።

ጎረቤታችን ኦቦ ዘርሁን ወሬ የማይቀድማቸው ሰው ናቸው። ዓለም ገና ላይ ወታደር ወጣቶችን እያስወረደ ስልክ እንደሚያይ የነገሩን እሳቸው ናቸው። አንዱ ልጅ ስልኩ ውስጥ እንደ ተቃዋሚዎቹ እጁን ወደ ላይ አጣምሮ የተነሳው ፎቶ ተገኝቶበት ወዴት እንደወሰዱት አልታወቀም አሉን።

በቤታችን ያለው ስማርት ስልክ አንድ ነው። የጃለታ ነው ይባላል፤ ከሰዓት በኋላ ግን የእኔ ነው። የጎልማሶች ትምህርት ከጀመርኩ ወዲህ መልመጃዬን የምጽፈው በእሱ ነው፤ እርሳስ ይደክመኛል፣ ስልክ ግን ፊደሉን ራሱ ቅርጹን ጠብቆ ያወጣልኛል። አስተማሪያችን ትህትና ከሆሳዕና መጥታ እዚሁ ፋብሪካ ትሠራ የነበረች ልጅ ናት። ፋብሪካዋ ሲቃጠል ሥራ አጣች፣ እኛ ደግሞ በሳምንት ሁለት ቀን የነበረውን ትምህርት አራት ቀን አገኘን። ደስ አለን ለማለት አፈርን፤ ግን ማናችንም አልቀረንም።

ስልኩ ሁለት ኪቦርድ አለው። አንዱ የአማርኛው ነው። “ሰ”ን ጫን ብለው ሲይዙት ቤተሰቡ በሙሉ፣ ሱም ሲም ሳም፣ ብቅ ይላል። ሌላው የእንግሊዝኛው ነው። ኦሮምኛ ስንጽፍ ቁቤውን፣ የላቲኑን ፊደል፣ የምንጽፈው በእሱ ነው፤ ለኦሮምኛ ብቻ የተሠራ ኪቦርድ ስልኩ ላይ አልነበረም። ችግሩ ከዚህ ይጀምራል። ሱሉልታ ላገባችው ልጄ ለሶያማ በኦሮምኛ እንዴት አደርሽ ብዬ ስጽፍ፣ ስልኩ እያንዳንዱን ቃል ወደ እንግሊዝኛ እየለወጠ ላከው። እሷም ደውላ ራስሽን አሞሽ ነው ወይ አለችኝ።

ይህን ለትህትና ስነግራት ክፍሉን ሁሉ አስቁማ አስረዳችን። አውቶኮሬክት ይባላል፤ እኛ ግን አራሚው እንበለው አለች። አራሚው ቋንቋ አያውቅም። የሚያውቀው የትኛው ፊደል ከየትኛው ጎን እንደተቀመጠና የትኛው ቃል ደጋግሞ እንደሚጻፍ ነው። ጣት ስትስት የምትስተው ወደ ጎረቤት ፊደል ነው፤ ስለዚህ የማያውቀው ቃል ሲገጥመው ጎረቤት እየቀያየረ ወደሚያውቀው ቃል ይጎትተዋል። ኪቦርዱ ሲለወጥ ጎረቤቶቹም ይለወጣሉ። በእንግሊዝኛው ጣት የምትስተው አጠገቡ ወዳለው ነው፤ በአማርኛው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከአንድ ቤት ልጆች አንዱን ትታ ወደ ሌላው፣ ሱ ሲሉ ሲ ነው። ኦሮምኛችንን የሚያበላሸው ክፋት ኖሮበት ሳይሆን ቃላችን እንግሊዝኛ ቤት የገባ እንግዳ ስለሆነበት ነው። መድኃኒቱ እምቢ ማለት ነው፤ እሱ የሚሰጣችሁን ትታችሁ ከላይ በግራ በኩል የሚያስቀምጠውን የራሳችሁን ቃል ንኩ። ጥቂት ጊዜ እምቢ ያሉትን ይቀበላል፤ ከዚያ አልፎ ቀጥሎ ምን እንደምትጽፉ ራሱ ይገምታል።

“አራሚው አያውቅም፤ ይለምዳል” አለች። “አንዱ ኪቦርድ የለመደውን ደግሞ ሌላው አይሰማም።”

ይህን የተናገረችው ለትምህርት ነው። እኔ ግን የልጄን ስልክ አስቤ ቤቴ እስክደርስ አላስቻለኝም።

ጃለታ በዚያን ቀን ስልኩን ሲያጸዳ ዋለ። ፎቶ አጠፋ፣ መልእክት አጠፋ፣ ፌስቡኩን አወጣ። ጨረስኩ፣ አሁን እንደ ሕፃን ንጹሕ ነው ብሎ ሰጠኝ። እኔ የአማርኛውን ከፍቼ “ነገ” ብዬ ጻፍኩ። ከፊደሎቹ በላይ ባለችው መስመር “ሰልፍ” የሚል ቃል መጣ። “እኛ” ብዬ ጻፍኩ። “መሬታችንን” አለኝ። በቁቤው ሞከርኩ፤ እዚያ ያለውን እዚህ አልጽፈውም። ልጄ ያጠፋውን ሁሉ ኪቦርዱ ይዞታል።

ጃለታ ሳቀብኝ። ወታደር ፎቶ ነው የሚያየው፣ ኪቦርድ ከፍቶ ከስልክ ጋር የሚጫወት ማን አለ አለኝ። የለመደውን የሚያስረሳ ቦታ አለ፣ ከፈለግሽ ሁለቱንም ባዶ አደርገዋለሁ አለ። ያን ጊዜ ኦቦ ዘርሁን ሌላ ወሬ ይዘው ገቡ። አንድ ልጅ ስልኩ ባዶ ስለሆነ ብቻ ተይዟል፤ ምን ብትሸሽግ ነው እንዲህ ያጸዳኸው ብለውት ነው አሉ።

እንግዲህ የሞላ ስልክ ያሳስራል፣ ባዶ ስልክም ያሳስራል። እናት ከሆኑ ደግሞ አንድ ነገር ሳያደርጉ መቀመጥ አይቻልም። ስልኩ የሚለምድ ከሆነ መልካም ቃል ላስለምደው አልኩ።

መልካም ቃል ለማግኘት አልተቸገርኩም። ሬዲዮው ቀኑን ሙሉ ያወራል፣ ቀበሌም ስብሰባ ይጠራናል። ሽንኩርት እየከተፍኩ ሬዲዮውን እሰማለሁ፤ እጄን ታጥቤ የሰማሁትን እጽፋለሁ። ልማታችን ይቀጥላል። ሰላም ወዳዱ ሕዝባችን። ፀረ ሰላም ኃይሎችን እናወግዛለን። በተቀመጠው አቅጣጫ መሠረት። ቀበሌ ሰብሳቢው አንድ ነገር ሦስት ጊዜ መድገም ይወዳሉ፤ ድሮ ያሰለቸኝ ነበር፣ አሁን ግን እሳቸው ሲደግሙ እኔም ስልኩን ጋቢ ውስጥ ይዤ እደግማለሁ። የአማርኛው ኪቦርድ ቶሎ ተቀበለኝ። የቁቤው አስቸገረ፤ ያንኑ በኦሮምኛ ስጽፍ ወደ እንግሊዝኛ እየጎተተ እምቢ አለኝ፣ እኔም እምቢ አልኩት። እሱ ቀድሞ ደከመ።

ትህትና አንድ ሐሙስ ስለ ቤታችሁ ጥቂት ጻፉ አለችን። ጓደኞቼ ስለ ላማቸውና ስለ ጓሮ ጎመናቸው ጻፉ። እኔ “ቤታችን በተቀመጠው አቅጣጫ መሠረት የላቀ ውጤት በማስመዝገብ ላይ ይገኛል” ብዬ ጻፍኩ። አንድም ስህተት አልነበረውም። ትህትና ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ ቆይታም ዝቅ ባለ ድምፅ ቀበሌ ውስጥ ዘመድ አለዎት ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

ፈተናው ሲደርስ ስልኩ ጨዋ ሆኖ ነበር። “ነገ” ሲሉት “ስብሰባ” ይላል። “እኛ” ሲሉት “ልማታዊ” ይላል። መሬት የሚባል ነገር ከአፉ ጠፍቷል።

ጃለታን ብቻውን አልሰደውም አልኩ። ሃያ አንድ ዓመቴ ነው አለ። ዕድሜህን የወለድኩህ እኔ አውቃለሁ ብዬ በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ በዘንቢል ይዤ አብሬው ታክሲ ገባሁ።

ዓለም ገና ላይ አስቆሙን። የመጣው ፖሊስ ጠና ያለ ሰው ነው፤ እንቅልፍ ያጣ ይመስላል። መታወቂያ አየ፣ ጃለታን ወዴት እንደሚሄድ ጠየቀው፣ ፈተና ሲለው ይቅናህ አለና ወደሚቀጥለው ሰው ዞረ። ስልኩን አላየውም። ያን ሁሉ ደክሜ። ዝም ማለት አቃተኝና ጌታዬ፣ ስልኩንስ አያዩትም ወይ አልኩት። ጃለታ እግሬን ረገጠኝ። ፖሊሱ ትንሽ አየኝና እናት፣ ይሂዱ ብሎ በሩን ዘጋው። ታክሲ ቀይረን አስኮ እስክንደርስ ልጄ ፊቱን ከመስኮቱ አልመለሰም።

ከአስኮ ሌላ ታክሲ ይዘን ቡራዩ ገባን። ወደ ከታ ሰፈር በሚወስደው መንገድ ላይ ድንጋይ ተደርድሯል፣ ከድንጋዩ ኋላ ወጣቶች ቆመዋል። እንድንወርድ አደረጉን። ቁጣ አልነበራቸውም፤ ሥራ ላይ እንዳለ ሰው ነበሩ። የሚያዛቸው ከሊፋ የሚሉት ቀጭን ልጅ ነው። በኦሮምኛ ሰላም አለን፣ እኔንም አዴ ብሎ አከበረኝ። ወዴት እንደምንሄድ ከጠየቀ በኋላ እለፉ አለ፤ ከላይ ሌላ ድንጋይ አለ፣ እንዲያሳልፏችሁ ልጻፍላቸው አለ። የእሱ ስልክ ካርድ አልቆበታል። የማን ስልክ ሒሳብ አለው ሲል ጃለታ፣ ጨዋነቱ ይብላውና፣ አውጥቶ ሰጠው።

ከሊፋ መልእክት መጻፊያውን ከፈተ። መጨረሻ የተጠቀምኩት በአማርኛው ስለነበር የወጣው የአማርኛው ኪቦርድ ነው። ገና አንድም ፊደል ሳይነካ ከላይ ባለችው መስመር ሦስት ቃል ተደርድሮ ጠበቀው። መንግሥታችን። ልማታችን። ሰላማችን። ከሊፋ የመካከለኛውን ነካው። ሌላ ቃል መጣ። ደግሞ ነካው። ሌላ መጣ። የመካከለኛውን ብቻ እየነካ ሄደ፣ ስልኩም ሰው ሳይጽፍበት ስብሰባ መምራት ጀመረ፦ ልማታችን በተቀመጠው አቅጣጫ መሠረት ፀረ ሰላም ኃይሎችን በማውገዝ የላቀ ውጤት በማስመዝገብ ላይ ይገኛል።

ጮክ ብሎ አነበበላቸው። መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛው ቀይሮ በቁቤው ሞከረ፤ እዚያም ያው ሆነ፤ ሳቁ ቆመ። አንዱ ወጣት ፎቶዎቹን ከፈተ፤ የሉም። መልእክቶቹን ከፈተ፤ የሉም። ባዶ ነው፣ ምላሱ ብቻ ነው የቀረው አለ። ሁሉም ወደ ጃለታ ተጠጉ። አብረውን የወረዱት ተሳፋሪዎች ከእኛ ትንሽ ራቅ አሉ።

“ሪፖርትህን ለማን ነው የምታደርሰው?” አለው ከሊፋ።

ጃለታ ወደ እኔ ጠቆመ። እኔ አይደለሁም፣ እናቴ ናት የጻፈችው አለ። ይህን ሲሰሙ ባሰ። አንዱ እጁን እያጨበጨበ፣ አይ ጀግና፣ ጆሮ ጠቢነቱን ለእናቱ አሸከማት አለ። ሌላው ክንዱን ያዘው። የሚወስዱት ወዴት እንደሆነ አላውቅም፤ መንገዱን ለቀው ወደ ጎን ወደ ባሕር ዛፉ ነበር የሚጎትቱት።

መካከላቸው ገባሁ። ለማልቀስ ጊዜ አልነበረኝም።

“እውነቱን ነው፣ እኔ ነኝ ያስተማርኩት” አልኩ። “ለወታደር ብዬ ነው ያዘጋጀሁት። እናንተ እንደምትይዙን መች አወቅኩ?”

ከሊፋ አየኝ። ነጠላዬን አየ፣ ጭኮዬን አየ። እማማ፣ እርስዎ ማንበብ ይችላሉ ወይ አለኝ። እየተማርኩ ነው አልኩት። እንግዲያው ይጻፉ አለና ስልኩን በቁቤው እንደተከፈተ ሰጠኝ። ልጄ ሰላይ አይደለም ብለው ይጻፉና እንይ አለ።

ለፈተና የመጣው ልጄ ነበር፤ መጀመሪያ የተቀመጥኩት እኔ ሆንኩ። ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ፣ እነሱም ዙሪያዬን ከበቡኝ። በአንድ ጣት ነው የምጽፈው። “ልጄ” ብዬ በኦሮምኛ ጀመርኩ። ስልኩ ልማታችን ልበልልሽ አለኝ። እምቢ አልኩት። ሰላይ የሚለውን ቃል ደግሞ ከዚህ በፊት አስተምሬው አላውቅም፤ እንግሊዝኛ አደረገው። አጠፋሁት። ደግሜ ጻፍኩት፣ ደግሞ ለወጠው። ጣቴ እየሳተ ጎረቤት ጎረቤቱን ፊደል መታሁ፣ አራሚው የማላውቀውን ነገር ሁሉ አመጣብኝ። ከጀርባዬ የቆሙት ሲተነፍሱ ይሰማኛል። የጃለታን ክንድ የያዘው ልጅ እንኳ አንገቱን አስግጎ ነበር።

“ግራውን፣ ግራውን ይንኩት” አለ ድንገት።

ከታች ያለችውን ረጅም ቁልፍ፣ ስፔሱን፣ ቀድመው አይንኩ፣ ሲነኩት ነው የሚለውጠው አለ ሌላው። ቀስ ይበሉ፣ ማንም አይከተልዎትም አለ ሦስተኛው። አንዱ ጎንበስ ብሎ ፀሐይዋን በመዳፉ ከለለልኝ። ስልክ የምትይዝ እናት ያላቸው ልጆች መሆናቸው ያስታውቃል፤ እንዲህ ያለውን ትዕግሥት ሌላ ቦታ አልተማሩትም። የታክሲው ሹፌር ጥሩምባ ቢነፋ ዞረው ዝም አሰኙት፤ እየጻፉ ነው አሉት።

ጨረስኩ። ከሊፋ ወስዶ አነበበው። ልጄ ሰላይ አይደለም ይላል። ስህተት አልነበረውም፤ ላየው ሰው ግን ያለቀው ቃል ሳይሆን የወሰደብኝ ጊዜ ነው የመሰከረልኝ።

“ይህች እናት ሪፖርት ጽፋ እስክትልክ መንግሥት ይለወጣል” አለ ክንድ የያዘው ልጅ፣ ለቀቀውም።

እንደገና ሳቁ፤ አሁን ግን ልጄም አብሯቸው ሳቀ። ከሊፋ ብቻ ፊቱን አልፈታም። አዴ፣ ይህን ስልክ ይዛችሁ ቡራዩ ውስጥ መንቀሳቀስ አትችሉም፣ ከላይ ያሉት እንደ እኔ አይታገሡም አለኝ። ቆሞ በቁቤው መጻፍ ጀመረ። የራሱን ቃላት ይጽፋል፣ ያጠፋል፣ ደግሞ ይጽፋል። እምቢ ሲለው እምቢ እያለ፣ ግራውን እየነካ። ልክ እኔ ሽንኩርት ትቼ እንደማደርገው። ስልኩ እስኪለምድለት ድረስ ታክሲ ሙሉ ሰው አስቁሞ አስተማረው። ከዚያ ሞክሮ ደስ አለው፤ ለላይኞቹም መልእክቱን ልኮ ስልኩን መለሰልን። የአማርኛውን ረስቶታል። አንዱ የለመደውን ሌላው እንደማይሰማ ትህትና ለእኛ እንጂ ለእሱ አልነገረችውም። እኔም አልነገርኩትም። ጭኮ ቆርሼ ሰጠሁት።

ላይኛው ድንጋይ ላይ መልእክቱ ደርሷቸው ነበርና ሳያስወርዱ አሳለፉን።

ኮሌጁ በር ላይ ስንደርስ የመጨረሻዎቹ ተፈታኞች እየገቡ ነበር። ስልክ ይዞ መግባት አይቻልም ስለተባለ ጃለታ ስልኩን ለእኔ ሰጥቶኝ እየሮጠ ገባ። በሩ ከኋላው ተዘጋ። እኔ ከአጥሩ ሥር ተቀምጬ ጠበቅኩ። ጸሎት ጀመርኩ፤ ግን ሐሳቤ እየሾለከ ወደ መመለሻው መንገድ ሄደ። ፖሊሱ ጠዋት አላየውም፤ ማታስ? ተረኛው ይለወጣል፣ የሚያይ ሰው ይመጣ ይሆናል። የሚያየው ደግሞ ኦሮምኛ የሚያውቅ ቢሆንስ? ቁቤውን ከፍቼ ከሊፋ ያስተማረውን አየሁ። በጣም ጎበዝ አስተማሪ ነው።

ጃለታ ከሁሉም ቀድሞ ወጣ። ከሩቅ ሳየው ያነከሰ መሰለኝና ብድግ አልኩ፤ ለካ ጫማው ውስጥ ጠጠር ገብቶ ነው። እንደነገረኝ መፈተኛው ሰሌዳ ላይ የኤሌክትሪክ መስመሩን ዘርግቶ፣ ማብሪያውን ሲጫነው አምፖሉ በራ። መዛኙ ማለፉን በጣቱ ምልክት ሰጥቶታል፤ ወረቀቱ በኋላ ይመጣል። አቅፌ ሳምኩት። አጠገባችን ያሉት ልጆች ስላዩን አፈረ።

ከዚያ ስልኩን ጠየቀኝ። አይሆንም አልኩት፣ በቃ እስከ ቤት እኔ ነኝ የምይዘው። ሁለቱንም አሁኑኑ ባዶ አደርገዋለሁ፣ እማዬ፣ እንረፍ አለኝ። ኦቦ ዘርሁን ስለ ባዶ ስልክ የነገሩንን አስታወስኩት።

“እስከ አስኮ ለእነ ከሊፋ በቁቤው ይሁን” አልኩት። “ከአስኮ ወዲያ ለፖሊሶቹ ወደ አማርኛው እቀይረዋለሁ።”

ጃለታ ፈተና ያለፈ ሰው ፊት አልነበረውም። ምነው ከእሷ በተገላገልኩ ብሎ ያሰበ ይመስለኛል። መጨረሻ ላይ ግን ዘንቢሌን ተቀበለኝና ታክሲ ለማስቆም እጁን ዘረጋ። እኔ ስልኩን በቁቤው ከፍቼ፣ መብራቱ እንዳይጠፋብኝ መስታወቱን በአውራ ጣቴ ቶሎ ቶሎ እየነካሁ ተከተልኩት።